«ወሬ አቁሙና ሥራችሁን ሥሩ»፦ ስለ ጨዋታና ስለ ተረብ የሚነገሩ ስሕተቶች

ለፋብሪካና ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ስለ ሠራተኛ አያያዝ ሥልጠና እሰጣለሁ። ኮምቦልቻም ይሁን ደሴ፣ አዳራሹ ውስጥ የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ አይለወጥም፦ «ሠራተኞቻችን ከሥራው ጋር የማይገናኝ ጨዋታ ያበዛሉ፤ ምን ዓይነት ቅጣት ይሻላል?» ጠያቂው ብዙውን ጊዜ «ቀልድና ቅዘን ቤት ያበላሻል» የሚለውን ተረት ያክልበታል፤ ተሰብሳቢውም ራሱን ይነቀንቃል። ይህን ጥያቄ መስማት ሰልችቶኛል። መልሴን አንድ ጊዜ በጽሑፍ ላስቀምጠው።

«ጨዋታ ሥራ ያስፈታል»

ማሽን አቁሞ ግማሽ ሰዓት የሚያወራ ሰው ሥራ ፈትቷል፤ በዚህ አንከራከርም። ኃላፊዎቹ አጥብቀው የሚያማርሩት ግን እጁ እየሠራ አፉ ስለሚጫወት ሰው ነው። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው።

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የልብስ ስፌት ክፍል የሆነውን ልንገራችሁ። በአንድ መስመር ጎን ለጎን ተቀምጠው ከሚሰፉት ሴቶች አንዷ፣ ሥራ በጀመረች ሰሞን፣ ለአንድ ሸሚዝ ሁለት ቀኝ እጅጌ ሰፍታ አሳለፈች። ሸሚዙ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ እሷም አብራ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ «ቀኝ እጅጌ» የመስመሩ ቀልድ ሆነ። ሻይዋ ላይ በስኳር ፋንታ ጨው ለጨመረችው «ቀኝ እጅጌ!»፤ የተሳሳተ አውቶብስ ለተሳፈረችው «ቀኝ እጅጌ!» ይባላል። ዋናው ጥቅሙ ግን ሥራው ላይ ነበር። አንዷ የጎረቤቷ ስፌት ሲጣመም ካየች «ቀኝ እጅጌ!» ትላለች፤ ሁሉም እግሯን ከፔዳሉ አንሥታ የያዘችውን ልብስ ታገላብጣለች። ማንም አልተወቀሰችም፤ ስሕተቱ ግን እዚያው ተተርትሮ እንደገና ይሰፋል።

አዲስ ኃላፊ መጣና ወሬ ከለከለ፤ ተጫዋቾቹንም አራርቆ አስቀመጠ። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ኃላፊውም ጸጥታውን እንደ ሥነ ሥርዓት ቆጠረው። ብዙ ሳይቆይ የተበላሸ ልብስ እስከ መጨረሻው ቁጥጥር ድረስ ሳይታይ መድረስ ጀመረ። የሆነው ግልጽ ነው። ቀልዱ ሲከለከል የጎረቤትን ስሕተት መናገር ማሳጣት ሆነ፤ ማሳጣትን ደግሞ ማን ይወዳል? አዲስ ገቢዎችም የማያውቁትን ለመጠየቅ ፈሩ፤ ከሰው ጋር ሳይሳሳቁ ሰውን መጠየቅ ይከብዳልና። እኔ የተጠራሁት ያን ጊዜ «ስለ ጥራት ግንዛቤ» እንድሰጥ ነው። ሴቶቹ ስለ ጥራት የጎደላቸው ግንዛቤ አልነበረም። ኃላፊው ያፈረሰው የጥራት ቁጥጥራቸውን ነበር።

ይህ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ዶናልድ ሮይ ለሁለት ወር ያህል የፋብሪካ ማሽን ሠራተኛ ሆኖ ያየውን እ.ኤ.አ. በ1959/60 አሳትሟል። ከሦስት ሰዎች ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን 12 ሰዓት ያህል፣ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ እየደጋገመ ይውል ነበር። መጀመሪያ ላይ ድካሙና መሰልቸቱ ሊያስለቅቀው ምንም አልቀረውም። ከዚያ የባልደረቦቹን ጨዋታ ማስተዋል ጀመረ። አንዱ በየቀኑ ሙዝ ይዞ ይመጣል። ሌላው ከምሳ ዕቃው መንትፎ «የሙዝ ሰዓት!» ብሎ እየጮኸ ይበላበታል። ባለሙዙ ይቆጣል፤ በማግሥቱም ሙዝ ይዞ ይመጣል። የኮክ ሰዓትም ነበራቸው። ያ ሁሉ ረጅም ቀን የሚቆራረጠውና የሚገፋው በእነዚህ ነበር፤ ሮይም ሥራውን የቻለው ጨዋታው ሲገባው ነው።

ስለዚህ ኃላፊ ሆይ፣ ከመከልከልህ በፊት አንድ ሳምንት አዳምጥ። ማሽን የሚያስቆመውን ወይም አደጋ የሚያመጣውን ለይተህ ከልክል፤ ሌላውን ተወው። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ጥግ ላይ ብቻውን አታስቀምጠው፤ ከተጫዋቹ ጎን አስቀምጠው፤ ሥራውንም ቶሎ የሚለምደው እዚያ ነው። የሻይ ሰዓትን አትሸራርፍ። ሠራተኞች በአንድ ቃል ሲስቁ ከሰማህ ደግሞ ምን እንደ ሆነ ጠይቅ፤ ያ ቃል በሪፖርት የማታገኘውን ችግር ሊነግርህ ይችላል።

«ያረጀ ቀልድ መደጋገም የአእምሮ ስንፍና ነው»

እንዲህ የሚሉት ሰው የሚስቀው ቀልዱ አዲስ ሲሆን ብቻ የሚመስላቸው ናቸው። ሳቅን ያጠናው አሜሪካዊው ሮበርት ፕሮቫይን ያገኘው ሌላ ነው። ሰው ከሌሎች ጋር ሲሆን ብቻውን ካለበት ጊዜ 30 እጥፍ ያህል ይስቃል፤ አብዛኛው ሳቅም የሚሰማው እንደ «እንግዲህ ልሂድ» ካለ ተራ ንግግር በኋላ ነው እንጂ ከቀልድ በኋላ አይደለም።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ጠዋት ጠዋት አብረው ሻይ የሚጠጡ ሰዎች አውቃለሁ። ከመካከላቸው አንድ አዛውንት፣ ከዓመታት በፊት በክረምት፣ «ዛሬ አይዘንብም፤ ጃንጥላችሁን ተዉት» ብለው ነበር። እሳቸውን አምኖ የወጣ ሁሉ በስብሶ ተመለሰ። ከዚያ ጀምሮ ጦሳ ተራራ ላይ ደመና በተከመረ ቁጥር አንዱ ይነሣና «ጋሼ፣ ዛሬስ ጃንጥላ እንያዝ?» ይላቸዋል። እሳቸውም ብርጭቋቸውን ሳያስቀምጡ «ተዉት!» ይላሉ። ቃሉ አንድ ነው፣ መልሱም አንድ ነው፣ ሳቁም አይቀርም። ለዓመታት ዓረብ አገር ቆይቶ የተመለሰ የሠፈሩ ልጅ ጉልበታቸውን ስሞ ሲነሣ ያስቀደመው የጃንጥላውን ጥያቄ ነው። ያን ቀልድ ከእነሱ ጋር የበሰበሰ ሰው ሁሉ ይካፈለዋል፤ አዲስ መጪም ታሪኩ ተነግሮት አንድ ጊዜ ከሳቀ በኋላ የጠረጴዛው ሰው ይሆናል። ቀልዱን በአዲስ ለውጡ ማለት ጨዋታው ለምን እንዳለ አለማወቅ ነው።

አጫጭሮቹ

«ወሬ የሴት ነው» ለሚሉኝ ረጅም መልስ አልሰጥም፤ ማለዳ አንድ ሻይ ቤት ገብተው ወንዶቹን ይቁጠሩ።

«ዝምተኛ ሰው ከጨዋታ ውጭ ነው።» አይደለም፤ በሰዓቱ የሚስቅ ሰው ከሌለ ተራቢ ብቻውን ምን ያደርጋል?

«ወሎዬ ሲፈጠር ተጫዋች ነው።» ምስጋናው ደስ ይላል፤ ግን ሲፈጠር አይደለም፤ ከአቦል እስከ በረካ ሲኒ እያቀበለ የትልልቆቹን ጨዋታ ሲያዳምጥ ነው የተማረው።

«ተረብ የንቀት ምልክት ነው»

እንግሊዛዊው የሥነ ሰብእ ምሁር ራድክሊፍ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በብዙ ማኅበረሰቦች ሰው የሚስቱን ወንድሞችና እህቶች መተረብ እንደሚፈቀድለት፣ ተተራቢውም መቀየም እንደማይችል አሳይቷል። ዝምድናቸው የሚያቀራርብም የሚያጋጭም ነው፤ ተረቡ ግጭቱን ሳያደርሱ የሚያሳልፉበት ሥርዓት ነው።

እኛም ጋ ይህ በየቀኑ አለ። ከደሴ ብርድ ካፖርቱን ደርቦ የሀረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ የገባ ሰው ሙቀቱ ሲያልበው «በረዶ አመጣህልን?» ይባላል፤ ኮምቦልቼው ደግሞ ደሴ ወጥቶ ሲንቀጠቀጥ ተራው ይደርሰዋል። ከ500 ሜትር በላይ የሆነው የከፍታ ልዩነት ስንት ዘመን ሲያጫውት ኖሯል! ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤቶችም በጾም ወራት ሲተራረቡ እሰማለሁ። አንዱ የሌላውን ሰዓት ጠብቆ ማዕድ ስለሚያቀርብለት ተረቡ አይሻክርም። ያንኑ ቃል ማዕዳቸውን የማያውቅ እንግዳ ቢናገረው ቤቱ በዝምታ ይሞላ ነበር፤ ልክም ነው።

«ቀልዴን ነው ካልኩ አለቀ»

ይህኛው ከሁሉም ያናድደኛል፤ የሚናገሩት ራሳቸው ወሬ የሚከለክሉት ኃላፊዎች ናቸውና። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሲናገር የሚንተባተብ ሠራተኛ ነበር። አለቃው በስብሰባ ላይ አነጋገሩን እየቀዳ ያስቅበት ነበር። ሁሉም ይስቃል። ሰውየው ዝውውር ጠይቆ ሄደ። አለቃው ሲነገረው በቅንነት ደነገጠ፦ «እንዴ! እሱም ይስቅ ነበር እኮ!»

ይስቅ ነበር፤ ምን አማራጭ ነበረው? አለቃውን መልሶ ሊቀዳው አይችልም። መመለስ የማይችልን ሰው መተረብ ጨዋታ ሳይሆን ማጥቃት ነው፤ የፍርሃት ሳቅም እንደ ፈቃድ አይቆጠርም። የእኩዮች ጨዋታም ወሰን አለው። የሮይ ባልደረቦች እንኳ ተኮራርፈዋል። አንደኛው ሴት ልጁን ለኮሌጅ መምህር ልጅ ድሮ በዚህ ይኮራ ነበር። ያ መምህር የሚያስተምረው ፀጉር ማስተካከል ነው የሚል ቀልድ ተሰነዘረበት። ሰውየው ዝም አለ። የሙዙም የኮኩም ሰዓት ለቀናት ተቋረጠ። በሙዝ ይተራረቡ ነበር፤ በልጅ ክብር ግን መጡበት።

አለቃ ከሆናችሁ መጀመሪያ እናንተ ተተረቡና ቻሉት፤ ከዚያ በፊት ማንንም አትተርቡ። በአካል ጉድለት፣ በድህነት፣ በሰው ልጅና ትዳር ላይ አትምጡ። ያስቀየማችሁት ሰው ካለ ቢሮ ጠርታችሁ በር ዘግታችሁ ይቅርታ አትጠይቁት፤ በሳቁት ሰዎች ፊት፣ በዚያው ስብሰባ ላይ፣ «ቀልዴን ነበር» የምትለዋን ሳትጨምሩ ጠይቁት።