ምድጃ አጠገብ የሚነሱ ጥያቄዎች፦ ቀላል የቤት ምግብ ከነምክንያቱ

ቀላል የቤት ምግብ ስል ለድግስ የማይደገሰውን፣ ለእንግዳ ተብሎም የማይሽሞነሞነውን ማለቴ ነው። ከሥራ ተገብቶ ሽንኩርት ይከተፋል፣ ዘይት ሞቅ ይደረጋል፣ ቤት ውስጥ የተገኘው ይገባበታል፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይበላል። እንቁላል፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ባቄላ፣ ቅጠላ ቅጠል፣ ካለ ደግሞ ትንሽ ሥጋ። የትም ያለ ሰው በአዘቦት ቀን የሚያበስለው ከዚህ ብዙም አይርቅም። የሚለያየው ቅመሙና ስሙ ነው። ጨው በጣት ይቆነጠራል፣ ውሃ በዓይን ይገመታል፣ ማንም ሚዛን አያወጣም።

ይሄ ምግብ ቀላል ይባል እንጂ በጥያቄ የተሞላ ነው። ሽንኩርቱ ለምን ያስለቅሰኛል? እንቁላሉ ዛሬ ለምን አልላጥ አለኝ? ትናንት የተሠራው ዛሬ ለምን የበለጠ ጣፈጠ? አብዛኞቻችን እንጠይቅና እናልፈዋለን፣ ምክንያቱም ምግቡ ለማንኛውም ይበላል። እኔ ግን መልሱን ማወቅ ምግቡን ራሱን እንደሚለውጠው በእጄ አይቻለሁ። ምክንያቱን የያዘ ሰው የተጻፈ መመሪያ ባይኖረውም፣ ግማሹ ነገር ቤት ውስጥ ቢጎድልም፣ አንድ ነገር ሠርቶ ይበላል።

ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከእሳት ነው። በደቡብ አፍሪካ ወንደርወርክ በተባለ ዋሻ ውስጥ 1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ አመድና የተቃጠለ አጥንት ተገኝቷል። ሰው ከእሳት ጋር የኖረው ይህን ያህል ዘመን ነው። እሳት ምግብን አለስልሶ ለጥርስም ለሆድም ያቀለዋል። ጥሬ ድንች ለሆድ ከባድ ነው፣ የበሰለው ግን ውስጡ ያለው ስታርች የተባለው ዱቄታማ ነገር ውሃ ጠጥቶ ስላበጠና ስለተፈታ በቀላሉ ይፈጫል።

ውሃ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ማብሰል ከጀመርኩ በኋላ የጠቀመኝ ትልቁ እውቀት እዚህ ጋ ነው። ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን ብትጨምሩበትም ሙቀቱ አይጨምርም። በባሕር ጠለል ላይ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርስና እዚያው ይቆማል፣ የጨመራችሁት እሳት የሚሠራው ውሃውን ቶሎ ቶሎ ወደ እንፋሎት መለወጥ ብቻ ነው። ስለዚህ እየተንተከተከ የሚገነፍለውም ድስት፣ ቀስ ብሎ ብልቅ ብልቅ የሚለውም ድስት ምግቡን የሚያበስሉት በተቀራራቢ ፍጥነት ነው። ልዩነቱ አንዱ ነዳጅ ይጨርሳል፣ ድንቹን ይበታትናል፣ ምድጃውንም ያበላሻል። አንዴ ከፈላላችሁ እሳቱን ቀንሱ፣ ክደኑት።

ከፍታም ራሱን የቻለ ጉዳይ አለው። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ውሃውን ከላይ የሚጫነው ግፊት ይቀንሳል፣ ስለዚህ ውሃው ሳይግል ይፈላል። በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል ብላችሁ ብታሰሉ ብዙም አትሳሳቱም። 2,400 ሜትር ላይ የሚፈላ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ነው ማለት ነው። ባቄላ እዚያ ላይ አልበስል ብሎ ሰው የሚያማርረው ባቄላው ክፉ ሆኖ አይደለም። ውሃው እየፈላም ቢሆን በቂ ሙቀት የለውም። ይህን ችግር የሚፈታው ፕሬዠር ኩከር ነው። ሐሳቡ የፈረንሳዊው ዴኒ ፓፓን ሲሆን፣ እንፋሎቱን አፍኖ የሚይዝ ድስት እ.ኤ.አ. በ1679 ሠርቶ አሳይቷል። ዛሬ ቤት ውስጥ ያለው ፕሬዠር ኩከር ውስጡን እስከ 120 ዲግሪ ገደማ ያደርሰዋል፣ ለዚህ ነው ሰዓታት የሚፈጀው በደቂቃዎች የሚያልቀው።

ጨው ጨምሩበት ቶሎ ይፈላል ሲባልም ሰምታችኋል። እውነቱ ተቃራኒው ነው፣ ጨው ውሃው የሚፈላበትን ሙቀት ከፍ ያደርገዋል። ግን በጣም በትንሹ ነው፣ 1 ሊትር ውሃ ውስጥ 58 ግራም ጨው ብትጨምሩ እንኳ ልዩነቱ 1 ዲግሪ ያህል ነው፣ ያን ያህል ጨው ደግሞ ማንም አይበላውም። ጨው የሚገባው ለጣዕሙ ነው።

ከውሃ ወደ ዘይት ስንሻገር ሌላ ዓለም ነው። ዘይት ከ100 ዲግሪ አልፎ ይግላል፣ እዚያ ላይ ደግሞ ምግብ መልኩን ይቀይራል። የዳቦ ቅርፊት፣ የተጠበሰ ሥጋ፣ በደንብ የተቁላላ ሽንኩርት ያ ቡናማ ቀለምና ያ ሽታ የሚመጣላቸው ፕሮቲንና ስኳር በሙቀት ሲገናኙ በሚፈጠር ሂደት ነው። ሉዊ ካሚል ማያር የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1912 ስለ ጻፈበት ሂደቱ በስሙ ይጠራል። በደንብ የሚፋጠነው ከ140 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ነው፣ ውሃ ያለበት ነገር ደግሞ ከ100 አያልፍም። እርጥብ ሥጋ መጥበሻ ላይ ሲጣል የሚነፍረው ለዚህ ነው። መጀመሪያ በጨርቅ ወይም በሶፍት አድርቁት፣ መጥበሻው በደንብ ይጋል፣ አንድ ላይ አትከምሩት። ቸስ የሚለው ድምፅ ከሥጋው የሚወጣው ውሃ እንፋሎት ሲሆን ነው። ድምፁ ጠፍቶ መጥበሻው ላይ ውሃ ካቆረ እየጠበሳችሁ አይደለም፣ እየቀቀላችሁ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ስህተት አለ። ሥጋ በኃይለኛ እሳት ላዩ ከተጠበሰ ውኃው ውስጡ ይታሸጋል የሚባለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ካስፋፋው በኋላ በየማእድ ቤቱ ገባ። ግን አይታሸግም። ማረጋገጫው እዚያው ፊታችሁ ነው፣ ላዩ ከተጠበሰ በኋላም ሥጋው ቸስ ማለቱን አያቆምም። ላዩን የምንጠብሰው ለሽታውና ለጣዕሙ ነው፣ ይሄ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

ወደ ሽንኩርት ልምጣ፣ ሁሉም ሰው የሚጠይቀው እሱን ነው። ያልተነካ ሽንኩርት አያስለቅስም። ቢላዋው ሲገባበት ሴሎቹ ይፈነዳሉ፣ ተለያይተው የነበሩት ድኝ ያለባቸው ንጥረ ነገሮችና እነሱን የሚለውጡ ኢንዛይሞች የተባሉ ፕሮቲኖች ይቀላቀላሉ፣ ከዚያ የሚበን ጋዝ ይወጣና ዓይን ውስጥ ይገባል። ዓይን ያቃጠለውን ሊያጥብ እንባ ያመነጫል። ለረጅም ጊዜ ይህን የሚሠራው አንድ ኢንዛይም ብቻ ይመስል ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ግን የጃፓን ተመራማሪዎች ለእንባው ጋዝ ብቻ የተለየ ሁለተኛ ኢንዛይም መኖሩን አሳዩ። ይህን ካወቃችሁ መፍትሔው ራሱ ይመጣል። የሰላ ቢላዋ ብዙ ሴል አይጨፈልቅም። ፍሪጅ ውስጥ የቆየ ሽንኩርት ጋዙን ቀስ ብሎ ነው የሚለቀው። ነጭ ሽንኩርትም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው፣ ሳይላጥ ብታሸቱት ብዙም አይሸትም፣ ሲወቀጥ ግን ቤቱን ይሞላዋል። ለስለስ ያለ ጣዕም የፈለገ ሙሉውን ፍሬ ይጨምር፣ ኃይለኛ የፈለገ ይውቀጠው።

እንቁላል ሙቀት ላይ በጣም ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር ነው። ነጩ ከ62 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ መርጋት ይጀምራል፣ አስኳሉ ደግሞ ከ65 እስከ 70 ባለው። በጥቂት ዲግሪ ልዩነት ለስላሳና ደረቅ የሚሆነው ለዚህ ነው። አልላጥ የሚለው እንቁላል ብዙውን ጊዜ ገና ትኩስ የተጣለ ነው። እንቁላል ሲቆይ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች በኩል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ ነጩ አሲድነቱ ይቀንሳል፣ ከሽፋኑም ጋር አይጣበቅም። ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር ከማስጀመር ይልቅ የፈላ ውሃ ውስጥ ማስገባትም ለመላጥ ያግዛል። አስኳሉን ዙሪያውን የሚከበው አረንጓዴ ቀለበት ብዙ ሰው ያስደነግጣል፣ ግን ጉዳት የለውም። የአስኳሉ ብረትና የነጩ ድኝ ተገናኝተው ነው፣ ብዙ ቀቅላችሁታል ማለት ነው፣ በቃ።

ባቄላና አደንጓሬ ላይ የራሴ ታሪክ አለኝ። አንድ ቀን ሌሊቱን ሙሉ የተዘፈዘፈ አደንጓሬ ጥጄ፣ ገና ከመፍላቱ ቲማቲም ከተፍ ከተፍ አድርጌ ጨመርኩበት። ሦስት ሰዓት ቆየ። ጠጠር እንደሆነ ቀረ። ቤተሰቡ ሌላ ነገር በልቶ ተኛ፣ እኔ ግን ሳስብበት አደርኩ። በኋላ እንደተረዳሁት አሲድ ያለው ነገር የጥራጥሬውን የሴል ግድግዳ አጠንክሮ ስለሚይዘው አይለሰልስም። ቲማቲም፣ ሎሚ፣ ኮምጣጤ መግባት ያለባቸው አደንጓሬው በጣት ሲጫኑት የሚፈርስ ከሆነ በኋላ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተሳሳትኩም። ድንችም እንደዚያው ነው። ይህን ደግሞ ለመልካም ነገር መጠቀም ይቻላል፣ ድንቹ እንዳይፈራርስ ከፈለጋችሁ የምትቀቅሉበት ውሃ ላይ ትንሽ ኮምጣጤ ጠብ አድርጉ።

ቀይ አደንጓሬን በተመለከተ ግን አንድ ነገር በጣም አደራ። ጥሬው ውስጥ ሆድ ክፉኛ የሚያውክ መርዝ አለ። ዘፍዝፉት፣ የዘፈዘፋችሁበትን ውሃ ድፉት፣ ከዚያ በአዲስ ውሃ ቢያንስ 10 ደቂቃ በኃይል ይፍላ። ሳይፈላ በዝግታ ለብ እያለ ብቻ የሚበስል ከሆነ መርዙ አይጠፋም። ድንችም አረንጓዴ ሲሆን ምልክት ነው። አረንጓዴው ራሱ አይጎዳም፣ ነገር ግን ሶላኒን የተባለው መርዝ አብሮ መጨመሩን ይናገራል፣ እሱ ደግሞ በመቀቀል አይጠፋም። ትንሽ ከሆነ ቆርጣችሁ ጣሉ፣ ብዙ ከሆነ ሙሉውን። ድንችን ጨለማ ቦታ ማስቀመጥ የሚባለው በከንቱ አይደለም።

የተረፈ ሩዝም ቀላል ነገር ይመስላል። ከማፍላት የሚተርፉ የባክቴሪያ ዘሮች አሉበት፣ ሩዙ ለብ እንዳለ ውጭ ሲያድር ይነቁና ይራባሉ፣ የሚያመነጩት መርዝ ደግሞ በማግስቱ ብታሞቁትም ላይጠፋ ይችላል። የበሰለ ምግብ በሙሉ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ረጅም ጊዜ መቆየት የለበትም። በ2 ሰዓት ውስጥ ሰፋ ባለ ዕቃ አድርጋችሁ ፍሪጅ አስገቡት።

በትክክል ከተቀመጠ ግን የትናንቱ ምግብ ይጣፍጣል፣ ይሄ ስሜት ብቻ አይደለም። ጨውና ቅመሙ ሌሊቱን ወደ ድንቹም ወደ ሥጋውም ዘልቆ ይገባል፣ ከሥጋው የወጣው ጄላቲን መረቁን ያወፍረዋል። ሌላም አለ። ምድጃ አጠገብ አንድ ሰዓት የቆመ ሰው አፍንጫው ሽታውን ስለሚለምደው የራሱ ምግብ አይሸተውም። በማግስቱ ግን አፍንጫው አርፏል። ያበሰለው ሰው "ምንም አይልም" ሲል ሌሎቹ ጣታቸውን የሚልሱት ለዚህ ይመስለኛል።

አፍንጫ ከምላስ የበለጠ ይሠራል። አፍንጫችሁን ይዛችሁ ቅመም ያለበት ምግብ አላምጡ፣ ጨው፣ ጣፋጭ፣ መራራ፣ ኮምጣጣ ትለያላችሁ፣ ከዚያ አያልፍም። ልቀቁት፣ ጣዕሙ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመጣል። አምስተኛውን ጣዕም፣ ኡማሚ የሚባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ለይቶ ስም ያወጣለት ጃፓናዊው ኪኩናኤ ኢኬዳ ነው። የደረሰ ቲማቲም፣ እንጉዳይ፣ የቆየ አይብና የሥጋ መረቅ ውስጥ ያለው ያ አፍ የሚሞላ ነገር እሱ ነው። ምላስ ላይ ጣፋጭ ከፊት፣ መራራ ከኋላ ብሎ የሚከፋፍለውን ሥዕል ግን እርሱት፣ ሁሉም የምላስ ክፍል ሁሉንም ጣዕም ይለያል።

ማቃጠል ደግሞ ጣዕም አይደለም። በርበሬውን የሚያቃጥል የሚያደርገው ካፕሳይሲን የተባለ ንጥረ ነገር የሚነካው ሙቀትን የሚለየውን ነርቭ ስለሆነ አእምሮ በእውነት የተቃጠለ ይመስለዋል፣ ላብ የሚያወርደንም ለዚህ ነው። በዚህ ነርቭ ላይ ካፕሳይሲን የሚነካውን ተቀባይ እ.ኤ.አ. በ1997 ያገኘው የዴቪድ ጁሊየስ ቡድን ነው፣ እሱም በ2021 ኖቤል ተሸለመ። ካፕሳይሲን በስብ እንጂ በውሃ አይሟሟም። ሲያቃጥላችሁ ውሃ ትታችሁ ወተት ጠጡ። የድንብላል ቅጠል ለአንዳንድ ሰው ሳሙና ሳሙና የሚለውም ሰውየው መራጭ ስለሆነ አይደለም፣ ሽታ የመለየት ዘረ መሉ ከሌላው ስለሚለይ ነው። ገበታ ላይ "አልወድም" ያለውን ሰው አትጫኑት።

ከማእድ ቤት ከተነሱ ጥያቄዎች ሁሉ እኔ በጣም የምወደው የአንድ ታንዛኒያዊ ተማሪ ጥያቄ ነው። ኤራስቶ ምፔምባ እ.ኤ.አ. በ1963 ትምህርት ቤት ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር አይስክሬም ሲሠራ፣ ፍሪዘሩ ውስጥ ቦታ እንዳያጣ ብሎ የፈላውን ወተት ሳያቀዘቅዝ አስገባው። የእሱ ትኩሱ ወተት ከሌላው ቀድሞ በረዶ ሆነ። ለምን ብሎ ሲጠይቅ ተምታቶብሃል ተባለ። እሱ ግን አልተወውም፣ ዴኒስ ኦስቦርን ለተባለ የፊዚክስ መምህር ጥያቄውን አቀረበለት፣ ኦስቦርንም ሞክሮ አየው፣ በ1969 ሁለቱ አብረው ጽሑፍ አወጡ። ትኩስ ውሃ በእርግጥ ከቀዝቃዛው ቀድሞ ይረጋል ወይ፣ ከረጋስ መቼና ለምን የሚለው እስካሁን ያከራክራል። መሞከር የፈለገ ሰው ሁለት እኩል ኩባያ፣ እኩል መጠን ያለው ውሃና ፍሪዘር ይበቃዋል። አንዱን ለብ፣ ሌላውን ቀዝቃዛ አድርጎ ጎን ለጎን ያስቀምጥና በየ10 ደቂቃው ይመልከት።