«ሻንሲው ከሊብሬው ጋር ከተስማማ አለቀ»፦ ብርቅ የስፖርት መኪና ሲገዛ የሚያሳስቱ እምነቶች

ፖርሼ 911 ካሬራ አርኤስ 2.7ን ለሕዝብ ያሳየው በጥቅምት 1972 በፓሪስ የመኪና ትርዒት ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሞተሩ ከኋላ የሆነ፣ 210 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ የሞተር ክዳኑ እንደ ዳክዬ ጅራት ሽቅብ የተቆለመመ መኪና ነበር። ዛሬ ዋጋው በዚያው ዓመት የተሠራውን ተራ 911 ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሁለቱ ግን የተሠሩት በአንድ መሠረታዊ አካል ላይ ነው። አስመሳዩን እጁን የሚያሳክከው ይኸው ነው፤ ተራውን ገዝቶ በብርቁ ዋጋ መሸጥ። እኔ ይህን መኪና የምወድ ሰው ነኝ። የተጭበረበረ ገዢ ሳይ ያመኛል፤ በሐቅ የተጠገነ እውነተኛ መኪና ያለ በደሉ «ፎርጅድ» ተብሎ ሲጣል ሳይ ደግሞ የባሰ ያመኛል። ሁለቱም ስሕተት የሚመነጨው ከሚከተሉት እምነቶች ነው።

«ሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ከተስማማ ሌላ ምን ያስፈልጋል?»

አዲስ አበባም ሆነ ሽቱትጋርት ገዢው መጀመሪያ የሚያመሳክረው ይህንኑ ነው፤ ከዚህ መጀመሩም ትክክል ነው። የአርኤስ ሻንሲ ቁጥር አሥር አሃዝ ሲሆን 911360 ብሎ ይጀምራል። 911 የመኪናው ዓይነት፣ 3 የ1973 ሞዴል መሆኑ፣ 6 አርኤስ መሆኑ ነው። የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች ተራ ቁጥሩ ናቸው። የዚያው ዓመት 911 ኤስ ሻንሲ 911330 ብሎ ስለሚጀምር፣ ይህን ብቻ የሚያውቅ ሰው እንኳን ሰነፉን አጭበርባሪ ይይዘዋል።

ትጉሁን ግን አይዝም። ቁጥሩና ሊብሬው መስማማታቸው የሚያረጋግጠው ወረቀቱና ብረቱ አንድ ነገር መናገራቸውን ብቻ ነው። ቁጥሩ የተመታበትን የላሜራ ቁራጭ ከተጨፈለቀ መኪና ቆርጦ በሌላ አካል ላይ መበየድ ይቻላል። ስለዚህ ዓይን ማረፍ ያለበት ከቁጥሩ ይልቅ በቁጥሩ ዙሪያ ነው። ከፊት የዕቃ ማስቀመጫው ምንጣፍ ይነሣ፤ ላሜራው ላይ የመፍጫ ጭረት፣ የብየዳ መስመር ወይም ከአካባቢው የተለየ ቀለም አለ? ፋብሪካው ላሜራዎቹን ያገጣጠመው በየርቀቱ በሚታዩ የነጥብ ብየዳዎች ነው። ነጥቦቹ ጠፍተው በቦታቸው ቀጥ ያለ የብየዳ ስፌት ከመጣ ሰው ገብቶበታል ማለት ነው።

ቁጥሩ ተፍቆ ሌላ ቢመታበትስ? ብረት ሲመታ ከላይ ከሚታየው ጉድጓድ በታች ያለው አካሉም ይጨመቃል፤ ላዩ ቢፋቅ የተጨመቀው ሥር ይቀራል። የወንጀል ምርመራ ባለሙያዎች አሲድ ቀብተው አሮጌውን ቁጥር የሚያወጡት በዚህ ምክንያት ነው። ከሻንሲው ሌላ መኪናው በፋብሪካው መዝገብ ላይ የሰፈረ የምርት ቁጥርም አለው። ይህን ቁጥር ሊብሬው አይጽፈውም፤ ብዙ አጭበርባሪም አያስበውም።

«ዳክዬ ጅራቱ አለ፣ ጎኑ ላይ ካሬራ የሚል ጽሑፍ አለ፣ ስለዚህ አርኤስ ነው»

እነዚህ ከሁሉ ቀድመው የሚገዙና የሚለጠፉ ነገሮች ናቸው። ፉክስ የተባለው አምራች የሠራቸው ቸርኬዎቹም እንዲሁ፤ ከፊት 6 ኢንች፣ ከኋላ 7 ኢንች ስፋት ያላቸውን ፈልጎ ማስገባት የአንድ ቀን ሥራ ነው። ለማስመሰል የሚከብደው ከኋላ ፓራፋንጎ ሥርና ከሞተሩ ውስጥ ያለው ነው። ሰፋ ያለው የኋላ ፓራፋንጎ የፋብሪካ ነው ወይስ በስቱኮ የተሞላ? የቀለም ውፍረት መለኪያ በደቂቃ ይናገራል። ሞተሩ ደግሞ 2,687 ሲሲ፣ ነዳጁን በሜካኒካል ፓምፕ የሚረጭ፣ 911/83 የሚል የዓይነት ምልክት ያለው መሆን አለበት።

«ሞተሩ የራሱ ካልሆነ መኪናው ዋጋ የለውም»

የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከፋብሪካ እንደወጡ አብረው መገኘታቸው ዋጋ ይጨምራል፤ ይህ እውነት ነው። ግን ሰዎች የሚረሱት ነገር አለ። የዚህ ሞተር ቤት ማግኒዥየም ነው፤ ማግኒዥየም ቀላል ቢሆንም ለዓመታት ሲግልና ሲቀዘቅዝ ቅርፁ ይዛባል። ብዙ ባለቤት፣ በተለይ የተወዳደረበት፣ በሐቅ ቀይሮታል። ሞተሩ ተቀይሮ ደረሰኙ ያለው መኪና፣ ቁጥሩ ትናንት ከተመታበት መኪና ይልቅ የታመነ ነው። ቁጥሩ ሲታይ የአሃዞቹ ቅርፅ፣ ጥልቀትና አሰላለፍ ከሌሎች የታወቁ ሞተሮች ፎቶ ጋር ይነጻጸር። ሃምሳ ዓመት ዘይትና አቧራ የጠጣ ሞተር ላይ ቁጥሩ ያረፈበት ገጽ ብቻ አዲስ ሆኖ ካበራ ሻጩ ማብራሪያ ይስጥ።

«የተሠራው 500 ብቻ ነው፤ እውነተኛ አርኤስ ከሆነ ሌላ ጥያቄ የለም»

500 እቅዱ ነበር፤ ለውድድር ፈቃድ የሚያስፈልገው ቁጥር። ገዢው ግን ጎረፈ፤ በመጨረሻ 1,580 ተሠሩ። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ፣ 1,308 የሚሆኑት፣ ኤም 472 በሚል መለያ የወጡ፣ ምንጣፍና የኋላ መቀመጫ ያላቸው የመንገድ መኪኖች ናቸው። ኤም 471 የሚባለው፣ ክብደቱ የቀለለው ዓይነት 200 ብቻ ነው። ይኼኛው ወንበሩ የሳሳ፣ የበሩ መጎተቻ እጀታ የቆዳ ጠፍር የሆነ፣ ሰዓት እንኳን የሌለው ሲሆን ክብደቱ በ100 ኪሎ ግራም ገደማ ያንሳል።

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ሻንሲው ትክክል፣ ሞተሩ ትክክል፣ መኪናው በእርግጥ አርኤስ ነው። ግን አንድ ሰው ምንጣፉን አውጥቶ፣ ሰዓቱን ነቅሎ፣ ወንበሩን ቀይሮ ኤም 472 የነበረውን በኤም 471 ዋጋ ይሸጠዋል። የውሸት ብረት አንድም የለበትም፤ ውሸቱ የተነቀለው ነገር ላይ ነው። ይህን በዓይን መለየት ከባድ ነው። የሚለየው የፋብሪካው መዝገብ ነው፤ ከየሻንሲው ጎን የአማራጭ መለያው ተጽፏል። ሻጩ ያንን ከፋብሪካው የተጻፈ መረጃ ሳያሳይ «ቀላሉ ዓይነት ነው» ካለ፣ የሚከፈለው የመንገዱ መኪና ዋጋ ብቻ ነው።

«አካሉ ከተለዋወጠ እውነተኛ አይደለም»

ይህን ክርክር የእንግሊዝ ፍርድ ቤት በ1990 አይቶታል። መኪናው በ1929 እና በ1930 በፈረንሳይ የሚካሄደውን «ለ ማን» የተባለ የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር ያሸነፈው ቤንትሌይ ስፒድ ሲክስ፣ «ኦልድ ነምበር ዋን» የሚባለው ነበር። ባለቤቱ በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ሊሸጠው ተስማማ፤ ገዢው ግን መኪናው ያ ያሸነፈው አይደለም ብሎ እምቢ አለ። መረጃው ሲመረመር በ1929 ከሮጠው አካል የቀረው እጅግ ጥቂት ሆኖ ተገኘ። በ1932 ብሩክላንድስ በተባለው የእንግሊዝ የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ የሾፌሩን ሕይወት ባጠፋ አደጋ ተሰባብሯል፤ ከዚያም እንደገና ተሠርቷል። ዳኛው ግን መኪናው በየደረጃው እየተለወጠ ሕልውናው ሳይቋረጥ መጥቷል፣ ስሙ የእኔ ነው የሚል ሌላ መኪናም የለም በማለት፣ ቃል በቃል «ኦሪጅናል» ሊባል ባይችልም እውነተኛው ኦልድ ነምበር ዋን ነው ብለው ፈረዱ።

እኔ በዚህ ፍርድ እስማማለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ቮልስዋገን ያየ ሰው ሁሉ ይገባዋል፤ ሞተሩ ሦስት ጊዜ ቢወርድ፣ ቆርቆሮው ቢቀጠል፣ መኪናው ያው የአባትየው መኪና ነው። የሚያጠፋው መቀየሩ ሳይሆን የተቀየረውን መደበቅ ነው። ስለዚህ በአርኤስም ላይ የማየው የታሪኩን ክር ነው፤ ማን ገዛው፣ የት ተጋጨ፣ ማን ጠገነው፣ መቼ ተሸጠ። በክሩ መካከል ስምንት ዓመት ከጠፋ እዚያው ቆሜ እቆፍራለሁ።

«ራሱ ፋብሪካው ከሠራው ኦሪጅናል ነው»

ጃጓር ከ1963 እቅድ ያልተሠሩትን ክብደታቸው የቀለለ ስድስት ኢ-ታይፕ መኪኖች ከ2014 ጀምሮ ሠርቷል፤ በ1957 የፋብሪካ ቃጠሎ ምክንያት ያልተጠናቀቁትን ዘጠኝ ኤክስኬ ኤስኤስ መኪኖችም ከ2016 ጀምሮ እንዲሁ። ግሩም መኪኖች ናቸው። ግን የተሠሩት በእኛ ዘመን ነው፤ ሽያጩ ላይ ይህ በግልጽ መጻፍ አለበት።

«ጎተራ ውስጥ ተረስቶ የቆየ ሊሆን ይችላል»

አርኤስ ላይ አልፎ አልፎ ይሆናል። ፌራሪ 250 ጂቲኦ ላይ ግን አይሆንም። የተሠሩት 36 ናቸው፤ የእያንዳንዳቸው ሻንሲ ታሪክ ይታወቃል። አንዱ በነሐሴ 2018 በአሜሪካ ሞንተሬይ በ48.4 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። 37ኛውን አገኘሁ የሚል ሰው የያዘው ከሌላ ፌራሪ የተሠራ ቅጂ ነው።

«ትልቅ ጨረታ ቤት ስለሚሸጠው ተረጋግጧል»

የጨረታ ደንቡ ይነበብ። ብዙውን ጊዜ መኪናው «ባለበት ሁኔታ» እንደሚሸጥና መመርመር የገዢው ኃላፊነት እንደሆነ ይናገራል። ገንዘብ ከፍሎ መዝገብ መፈለግ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ቀብድ ከመከፈሉ በፊት የሞዴሉን ሊቅ ይዞ መሄድ፣ የፋብሪካውን መረጃ በራስ ስም መጠየቅ፣ የቀድሞ ባለቤቶችን ማነጋገር፣ መኪናውን ሊፍት ላይ አውጥቶ ከሥር ማየት ያስፈልጋል። ሊፍት ላይ እንዲወጣ የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመኝ ዋጋውን ሳልጠይቅ እመለሳለሁ።