ለኩሬ ቁፋሮ የሚሆን ማሽን መረጣ

ኩሬ ለማስቆፈር ማሽን ሲመረጥ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው የመቆፈር ጉልበቱ ነው። ምርጫውን በእርግጥ የሚወስኑት ግን የወጣው አፈር የት እንደሚሄድና መሬቱ ምን ያህል እርጥብ እንደሆነ ናቸው። መቆፈርማ ሁሉም ይቆፍራል።

መነሻው የአፈሩ መጠን ነው። አፉ 30 በ20 ሜትር፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር፣ ግድግዳው በየ1 ሜትር ቁልቁለት 2 ሜትር ወደ ውስጥ እየገባ የሚወርድ ኩሬ እንውሰድ። ወለሉ 18 በ8፣ ወገቡ ላይ ደግሞ 24 በ14 ሜትር ይሆናል። የአፉን ስፋት (ርዝመቱ በወርዱ ተባዝቶ)፣ የወገቡን ስፋት አራት እጥፍና የወለሉን ስፋት ደምሮ፣ ለ6 አካፍሎ በጥልቀቱ ማባዛት 1,044 ሜትር ኩብ ይሰጣል። አፈር ከተፈነቀለ በኋላ ግን ይላላል፤ መጠኑ ሩብ ያህል፣ ሸክላማ ከሆነም ከዚያ በላይ ይጨምራል። ስለዚህ የሚነሳው ወደ 1,300 ሜትር ኩብ ይጠጋል። 10 ሜትር ኩብ ለሚጭን ገልባጭ መኪና 130 ምልልስ ነው።

ለአብዛኛው ኩሬ የመጀመሪያው እጩ ባለ ሰንሰለት ኤክስካቫተር፣ ማለትም በረጅም ክንዱ ጫፍ ባለ ባኬት (መዛቂያ) የሚቆፍረው ማሽን ነው። 20 ቶን የሚመዝነው መካከለኛ ማሽን ከቆመበት እስከ 6 ሜትር ገደማ ጠልቆ ይቆፍራል፤ ክንዱም ከ9 ሜትር በላይ ይደርሳል። ዋናው ጥቅሙ ደረቅ ዳር ላይ ቆሞ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ መቆፈር መቻሉ ነው። ኩሬው ጠባብ ከሆነ ከዳርና ከዳር ሆኖ ጭራሽ ሳይገባበት ይጨርሳል። ሰፊ ከሆነ ከሩቁ ጫፍ ጀምሮ ወደ መውጫው እያፈገፈገ ይሠራል። ጉድለቱ አፈሩን ከክንዱ ርዝመት አልፎ አለመውሰዱ ነው፤ ራቅ ማለት ካለበት ገልባጭ ወይም አፈር በፊቱ ምላጭ የሚገፋው ዶዘር ያስፈልገዋል።

ዶዘር የሚያዋጣው መሬቱ ደረቅ፣ ኩሬው ሰፊና ጥልቀቱ ያልበዛ፣ አፈሩም እዚያው አጠገብ ለግድብ የሚውል ሲሆን ነው። ገፍቶ የሚያደርስበት ርቀት ከ100 ሜትር ካለፈ ጊዜና ነዳጅ ይበላል፤ ከዚያ በላይ ለሆነ ሰፊ ሥራ እየላጠ ራሱ ጭኖ የሚሄደው ስክሬፐር ይሻላል። ዶዘር የሚሠራው ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ስለሆነ ውሃ ከመነጨ ወይ ፓምፕ ይተከላል፣ ወይ ሥራው ይቆማል። መውጫ ተዳፋትም ሊተውለት ይገባል።

ሰንሰለት ራሱ የረግረግ መሬት ልጅ ነው። ቤንጃሚን ሆልት እ.ኤ.አ. በ1904 በካሊፎርኒያ ስቶክተን አጠገብ የእንፋሎት ትራክተሩን ጎማ በሰንሰለት የተካው፣ ከባዶቹ ማሽኖች በለስላሳው አፈር እየሰመጡ ስላስቸገሩ ነበር። ሰንሰለቱ ክብደቱን በሰፊው ስለሚያከፋፍል ማሽኑ አይሰምጥም። ይኸው ጠባይ ግን ግድብ ላይ ጉዳት ይሆናል፤ ዶዘር በተመላለሰበት አፈር የተጠቀጠቀ ይመስላል እንጂ አልተጠቀጠቀም። የኩሬ ግድብ የሚያፈሰው በአብዛኛው እዚህ ላይ በተደረገ ቁጠባ ነው። ሸክላማ አፈር ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ንብብር እየተነጠፈ፣ ሺፕ ፉት በሚባለው ባለ ጉጥ ሮለር መጠቅጠቅ አለበት። ልሙጡ ሮለር ለአሸዋና ለጠጠር እንጂ ለሸክላ አይሆንም፤ ላዩን አስተኝቶ ውስጡን ልል ይተወዋል። እርጥበቱ የሚመዘነው በእጅ ነው፤ ሲጨበጥ ተጣብቆ የሚቆይ፣ ግን ውሃ የማይወጣው አፈር ለሥራው ደርሷል። ከላይ ያለው ሥራሥርና ፍግ የበዛበት ጥቁር አፈር ግን አስቀድሞ ተገፎ ለብቻው ይከመራል፤ ግድብ ውስጥ ከገባ ይበሰብሳል።

ባክሆ ሎደር፣ ከፊት መጫኛ ከኋላ መቆፈሪያ ያለው ባለ ጎማ ማሽን፣ በሁሉም ቦታ ስለሚገኝና በጎማው ራሱ ነድቶ ስለሚመጣ ያጓጓል። የኋላ ባኬቱ ግን ሩብ ሜትር ኩብ አካባቢ ነው። ከላይ ላሰላነው ኩሬ ከ5,000 ጊዜ በላይ መዛቅ አለበት፤ 1 ሜትር ኩብ የሚይዝ የኤክስካቫተር ባኬት 1,300 ጊዜ ገደማ ይበቃዋል። በሰዓት ሲከራዩት የረከሰው ማሽን በድምሩ ሊወደድ የሚችለው በዚህ ነው። ይሁንና ከሥራው በፊት ከታሰበው ጥልቀት ዝቅ ብሎ የሙከራ ጉድጓድ ለማውጣት ከእሱ የሚሻል የለም። ከሥር አለት ወይም አሸዋ መኖሩ መታወቅ ያለበት ትልቁ ማሽን በሎቤድ (ከባድ ማሽን በሚያጓጉዝ ዝቅተኛ ተሳቢ) ተጭኖ ከመምጣቱ በፊት ነው፤ አለት ከሆነ ኤክስካቫተሩ ሰባሪ መዶሻ ይዞ መምጣት ይኖርበታል።

ባኬቱም ሁለት ዓይነት ቢሆን ጥሩ ነው። ጥርሳሙ ይቆፍራል፤ ሰፊውና ጥርስ አልባው ተዳፋቱን ያለሰልሳል።

ኩሬ ከዓመታት በኋላ በደለል መሞላቱ አይቀርም። ያኔ የሚጠራው ክንዱ 15 ሜትርና ከዚያ በላይ የሚደርስ ረጅም ኤክስካቫተር ነው። ለዚህ ሲባል ቢያንስ በአንዱ ዳር ማሽን የሚቆምበት ጽኑና ሰፊ መንገድ፣ ዛፍ ሳይተከልበት፣ ከመጀመሪያው ይተዋል።