«ጋሼ፣ ሞተሩ አቅም የለውም» እና ሌሎች የፎም አውሮፕላን ወሬዎች

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ኤሌክትሮኒክስ እጠግናለሁ። በሪሞት የሚበር የፎም አውሮፕላን ሠርቶ የከሰከሰ ልጅም እኔው ጋ ነው የሚመጣው። ገና ከበሩ ሳይገቡ የሚሉኝን በቃሌ ይዤዋለሁ። «ጋሼ፣ ሞተሩ አቅም የለውም። ትልቅ ያስገቡልኝ።» ሞተሩን አስነስቼ አየዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልሆነም። ትዕግስቴ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ትናንሾቹን ወሬዎች እንጨርስ። ፎም ስል የፍራሹን ሳይሆን ቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን ነጩን ነው።

«በማስቲሽ ይለጠፋል።» አይለጠፍም፣ ይቀልጣል። ሱፐር ግሉም ያው ነው። የእንጨት ኮላ ቀብታችሁ አሳድሩት።

«ጥሩ ንፋስ ካለ ይነሳል።» ይነሳል። ከዚያ ጦሳ ተራራ ላይ ትፈልጉታላችሁ። ለጀማሪ የሚሆነው ንፋስ የሌለበት ማለዳ ነው።

«ድሮን ያበረረ አውሮፕላን አያቅተውም።» ያቅተዋል። ድሮን እጃችሁን ስትለቁ ባለበት የሚቆመው ውስጡ ያለው ኮምፒውተር ስለሚይዘው ነው። የፎሙ አውሮፕላን ወደ ፊት ካልሄደ ይወድቃል።

አሁን ወደ ሞተሩ። አውሮፕላንን የሚያነሳው ክንፉ ነው። የሞተሩ ሥራ ወደ ፊት መጎተት ብቻ ነው። 600 ግራም የሚመዝን የጀማሪ አውሮፕላን 300 ግራም የሚጎትት ሞተር ካለው ይበራል። ልጆቹ የሚያመጡት ሞተር ደግሞ ከዚያ በላይ ይጎትታል።

ታዲያ ለምን ይወድቃል? ጭራው ከብዶ ነው። ባትሪውን የት እንዳስቀመጡት ስጠይቅ «ቦታ የተገኘበት» ይሉኛል። ጭራው የከበደ አውሮፕላን ከእጅ እንደወጣ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ይቀስራል። ፍጥነቱ ያልቃል። ክንፉ ማንሳት ያቆማል። ከዚያ በአፍንጫው መሬት ላይ ይተከላል። ከዳር ቆሞ ለሚያይ በእርግጥም ሞተሩ የደከመ ይመስላል። ትልቅ ሞተር ብትጨምሩለት ያው አወዳደቅ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ይደገማል፣ ሌላ ለውጥ የለም።

ባላንሱን ማየት ገንዘብ አያስወጣም። ክንፉ ከፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ 20 ሴንቲሜትር ከሆነ፣ ከፊት ጠርዙ ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር ገባ ብላችሁ ግራና ቀኝ ምልክት አድርጉ። ባትሪው ሳይቀር ሁሉም ነገር ይገጠም። ምልክቱ ላይ በሁለት ጣት ከሥር ደግፋችሁ አንሱት። አግድም ከቆመ ወይም አፍንጫው ትንሽ ካዘነበለ ደህና ነው። ጭራው ከወረደ ባትሪውን ወደ ፊት ግፉት። ከዚያ ሞተሩን ሳታስነሱ ሣር ላይ በቀስታ፣ አግድም ወርውሩት። ቀጥ ብሎ እየተንሸራተተ ማረፍ አለበት። ይህን ያላለፈ አውሮፕላን ላይ ሞተር ማስነሳት ፎም ማባከን ነው።

አንድ የኮምቦልቻ ልጅ ሞተር ቀይሮ፣ ባትሪ አሳድጎ፣ ሦስተኛ ክንፍ እየሠራ መጣ። የድሮውን ሞተርና የድሮውን ባትሪ መለስኩለት። ባትሪውን እስከ አፍንጫው ድረስ ገፋሁት። በረረ። አመሰገነኝ፣ ግን አሁንም ትልቁን ሞተር መግጠም እንደሚፈልግ ከፊቱ ያስታውቃል።

«ደሴ እኮ ከፍታ ናት፣ አየሩ ስስ ነው» የሚለኝ አንባቢ ልጅም አለ። ልክ ነው። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በ20 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ያው አውሮፕላን እዚህ ላለመውደቅ ከ10 በመቶ በላይ ተጨማሪ ፍጥነት ይፈልጋል። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል ትንሽ ትሻላለች። ግን ከዚህ ተነስቶ «ስለዚህ ትልቅ ሞተር» ማለት አያስኬድም። ትልቅ ሞተር ትልቅ ባትሪ ይፈልጋል። ትልቅ ባትሪ ክብደት ነው። የከበደ አውሮፕላን ደግሞ አሁንም ሌላ ፍጥነት ይጠይቃል። ይልቅ የ1 ሜትሩን ክንፍ 1 ሜትር ከ20 አድርጉት። የሚጨምረው ጥቂት ግራም ፎም ነው፣ አየር የሚይዘው ቦታ ግን በ20 በመቶ ያድጋል። ፕላስተሩንም ቀንሱ። ፕላስተሩ ከፎሙ የሚከብድ አውሮፕላን በእጄ ይዤ አውቃለሁ።

«መውረድ ሲጀምር ወደ ላይ ጎትት» የሚለውም ብዙ ፎም አስጨርሷል። ፍጥነት አጥቶ የሚወርድን አውሮፕላን በሪሞቱ አፍንጫውን ወደ ላይ ስትጎትቱት ክንፉ ጭራሽ ማንሳት ያቆማል። አፍንጫውን ትንሽ ዝቅ አድርጉ፣ ሞተሩን ጨምሩ፣ ፍጥነት ሲይዝ ቀስ ብላችሁ አንሱት። ለዚህ ከፍታ ያስፈልጋል። ስለዚህ በዛፍ ጫፍ ልክ ዝቅ ብላችሁ አትለማመዱ፣ ከፍ በሉ።

ባትሪውን «ባገኘነው ቻርጀር እንሞላለን» የሚሉትን እቆጣለሁ። የሊፖ (የሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ሴል ከ4.2 ቮልት ማለፍ የለበትም። ካለፈ ሊነድ ይችላል። ሴሎቹን አመጣጥኖ የሚሞላ የራሱ ቻርጀር አለው። ሰክታችሁ አትተኙ። ያበጠ ባትሪ ይዛችሁም «ይጠገናል?» አትበሉኝ፣ አይጠገንም።

«መጫወቻ ስለሆነ ማንም አይጠይቀንም» የሚሉም አሉ። በሪሞት የሚበር ነገር ሁሉ ከሩቅ ሲታይ ድሮን ነው። በተለይ ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ስላለ በዚያ አቅጣጫ ጭራሽ አይሞከርም። ቦታ ስትመርጡ መጀመሪያ የሚመለከተውን አካል ጠይቁ፣ ፈቃድ ካላችሁ ብቻ ይዛችሁ ውጡ።