የጎጃም ከተሞች ፍሳሽ የት ይሄዳል፣ ምኑስ ይለካል

ጎጃምን በካርታ ላይ ካያችሁት አባይ ከሦስት ጎን ዞሮት ነው የሚሄደው። ስለዚ ደብረ ማርቆስም ይሁን ፍኖተ ሰላም ወይ ቡሬ፣ ከየቤቱና ከየሆቴሉ የሚወጣው ፍሳሽ በጨሞጋም በብርም በሌላም ወንዝ አድርጎ ዞሮ ዞሮ አባይ ነው የሚገባው፣ የባህርዳሩ ደሞ ሩቅ እንኳን አይሄድም፣ ጣናና አባይ እዛው በሩ ላይ ናቸው።

የፍሳሽ ክትትል ማለት ከዚህ ፍሳሽ በየጊዜው ናሙና እየወሰዱ ምን እንደያዘ መመርመር ነው። አንደኛ ወንዙና ሀይቁ ምን ያህል እየተጎዳ እንደሆነ ይታወቃል፣ ሁለተኛ ደሞ ሕዝቡ መሀል ምን በሽታ እየዞረ እንደሆነ ይታወቃል፣ ይሄ ሁለተኛው እኛ ጋ ብዙም አይወራለትም።

ከተሞቻችን ውስጥ ቤት ለቤት የተዘረጋ የፍሳሽ መስመር የለም ማለት ይቻላል። አብዛኛው ሰው ጉድጓድ ሽንት ቤት ነው ያለው፣ ሆቴሉና ትልልቁ ህንፃ ሴፕቲክ ታንክ አለው ሲሞላ በመምጠጫ መኪና ይመጠጣል፣ የልብስና የእቃ እጣቢው ግን ለጎርፍ ተብሎ የተሰራው ቦይ ውስጥ ነው የሚደፋው፣ ክረምት ጠብቆ ሽንት ቤቱንም ከጎርፉ ጋር የሚለቅ አለ። ስለዚ ናሙና የሚወሰድበት አንድ ዋና ትቦ ስለሌለ ቦዮቹና ጅረቶቹ ወንዙ ጋ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው መውሰድ ያለብን።

ላብራቶሪ (ላብ) ውስጥ መጀመሪያ ከሚታዩት አንዱ ቢኦዲ ነው። ናሙናው በ20 ዲግሪ ሙቀት ለ5 ቀን ጨለማ ውስጥ ይቀመጥና ባክቴሪያዎቹ ቆሻሻውን ሲበሉ ስንት ኦክስጅን እንደጨረሱ ይለካል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ያ ፍሳሽ ወንዝ ሲገባ የአሳውን ኦክስጅን ይሻማል ማለት ነው፣ አብዛኛው አሳ በሊትር 5 ሚሊግራም ገደማ ካላገኘ ይቸገራል። ናይትሮጅንና ፎስፈረስም ይለካሉ፣ እነዚህ ለአረም ማዳበሪያ ናቸው፣ ከ2004 ዓ.ም አካባቢ ጀምሮ ጣናን የወረረው እንቦጭ እንዲህ ያለ ምግብ የበዛበት ውሃ ሲያገኝ ነው የሚፋፋው። ከእርሻ የሚታጠበው አፈርም ድርሻ አለው፣ ሁሉንም ከተማው ላይ መጫን ልክ አይሆንም። የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ከሆነ ክሮሚየም የሚባለው የቆዳ ማልፊያ ብረት፣ ጨርቃጨርቅ ከሆነ ደሞ ቀለሙና ፒኤቹ (አሲድነቱ) በደንብ መታየት አለባቸው።

መቼ ተወሰደ የሚለው ትልቅ ነገር ነው። ክረምት አባይ ሲሞላ ሁሉም ይቀጥናል፣ ያኔ ብቻ የለካ ሰው ወንዙ ደህና ነው ብሎ ይሄዳል፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ውሃው ሲያንስ ያው ፍሳሽ ብዙ እጥፍ ይከብዳል። ፋብሪካም ሌሊት ሊለቅ ይችላል። የብክለት ቁጥጥር አዋጁ፣ ቁጥር 300/1995፣ ይሄን አስቦበታል፣ ተቆጣጣሪው ቀድሞ ሳያሳውቅና የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ሳይጠብቅ በማንኛውም አመቺ ሰዓት ገብቶ ናሙና መውሰድ ይችላል። ማንኛውም ሰው ደሞ እኔን በግል ጎድቶኛል ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል፣ ይሄን ወንዝ ዳር ያለ ገበሬ ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል።

ወደ በሽታው ስንመጣ ፖሊዮን እንውሰድ። ቫይረሱ ከያዛቸው ሰዎች ሽባ የሚሆነው ከ200 አንዱ ገደማ ነው፣ ከሌሎቹ አብዛኞቹ ምንም ሳይመስላቸው ለሳምንታት በሰገራቸው ያወጡታል። ስለዚ ሆስፒታል አንድ ልጅ እስኪመጣ ከጠበቅን ቫይረሱ ሰፈሩን ጨርሶታል፣ ፍሳሹ ግን ቀድሞ ይናገራል። እስራኤል እ.ኤ.አ. በ2013 አንድም ሽባ የሆነ ሰው ሳይኖር ቫይረሱን ፍሳሽ ውስጥ አግኝታ የክትባት ዘመቻ የጀመረችው ለዚህ ነው።

መስመር ስለሌለን አይቻልም የሚል ሰው አጋጥሞኛል፣ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1948 እንግሊዝ ውስጥ ሙር የተባለ ተመራማሪ ያሳተመው ዘዴ ፋሻ በገመድ አስሮ ፍሳሹ ውስጥ ጥቂት ቀን ማቆየት ነው፣ ፋሻው የሚያልፈውን ተህዋስ ይይዛል፣ ከዛ ወደ ላብ ይወሰዳል። በዚህ ዘዴ ቦይ ቦዩን ወደ ላይ እየተከተሉ በሽታው የመነጨበት ቤት ድረስ ደርሰዋል። ፋሻና ገመድ የትም ጤና ጣቢያ አለ፣ ውድ የሚሆነው ላቡ ነው፣ እሱም ቢሆን ባህርዳር ላይ የክልሉ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም ዩኒቨርሲቲም አለ። ናሙናው በበረዶ ቀዝቅዞ በቶሎ መድረስ አለበት፣ ከእንጅባራ እስከ ባህርዳር ደሞ መንገዱ ሰላም ከሆነ የግማሽ ቀን ነገር ነው።

በጣም የሚያሳስበኝ አትክልቱ ነው። በበጋ ከተማ አጠገብ ባለ ጅረት ሰላጣ፣ ጎመንና ካሮት በመስኖ ይለማል፣ ሰላጣውና ካሮቱ ጥሬውን ነው የሚበላው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው መመሪያ ጥሬ ለሚበላ አትክልት በ100 ሚሊሊትር ውሃ ከሰገራ የሚመጣው ባክቴሪያ ከ1000 እንዳይበልጥ፣ የወስፋትና መሰል ትላትሎች እንቁላል ደሞ በሊትር ከ1 እንዳይበልጥ ይል ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ መመሪያ ተተክቷል። ቺሊ ሳንቲያጎ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1991 ኮሌራ ሲገባ እንዲህ ያለ አትክልት በፍሳሽ ማጠጣት ተከለከለ፣ ኮሌራው ተገታ፣ ለዓመታት ያስቸገረው ታይፎይድም አብሮ በጣም ቀነሰ። እኛ ጋ ምርመራው መጀመር ያለበት ፓምፑ የተተከለበት ቦታ ላይ ነው፣ በጥቅምት መስኖው ሳይጀመር፣ ከዛም በየወሩ። ገበሬውን ከልክሎ መሄድ ሳይሆን ውሃው መጥፎ ከሆነ ሰላጣውን ትቶ ተቀቅሎ የሚበላ ወይ ለከብት የሚሆን እንዲዘራ ቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፣ ዘሩ ከተዘራ በኋላ የሚነገረው ግን ኪሳራ ብቻ ነው የሚሆንበት።