«ካሸሯ ናት የምታዘገየው»፦ ስለ አሮጌ የሱቅ ኮምፒውተሮች የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አዳማ ውስጥ ከፖስታ ቤት እስከ ፍራንኮ ወዳሉ ሱፐርማርኬቶች፣ ፋርማሲዎችና የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች ብትገቡ፣ ካሸሯ ፊት ያለው ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ ያረጀ ነው። ይሄ በራሱ ነውር አይደለም። የኮምፒውተር ዋጋ ውድ ነው፤ ባለሱቅም እየሠራ ያለን ዕቃ አይጥልም። እኔን የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ማሽኑ ያመጣው ጣጣ የሚላከከው ከፊቱ በተቀመጠችው ልጅ ላይ ነው። እኔም በዚህ ሥራ ውስጥ ስላለሁ፣ ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ላንሳ።

«ካሸሯ ናት የምታዘገየው»

ሰልፉ ሲረዝም ሁሉም የሚያየው እጇን ነው። ስክሪኑን ማንም አያይም። ኮዱን አስገብታ ኢንተር ከተጫነች የእሷ ሥራ አልቋል። ከዚያ በኋላ የሚጠበቀው ማሽኑ ነው።

ማሽኑ የሚዘገየው ደግሞ በምክንያት ነው። ከቆዩት የሱቅ ሶፍትዌሮች አንዳንዶቹ ዳታቸውን የሚያስቀምጡት ማይክሮሶፍት አክሰስ በተባለ የዳታቤዝ (የዳታ ማከማቻ) ፕሮግራም ፋይል ነው። አንድ የአክሰስ ፋይል ከ2 ጊጋባይት በላይ አይዝም። የዓመታት ሽያጭ ሳይጸዳ ሲከማች ፍለጋው ይንቀራፈፋል። ጣሪያው ላይ ሲደርስ ደግሞ ጭራሽ አዲስ ሽያጭ አልመዘግብም ይላል። በነጻ የሚገኘው ሌላው ዳታቤዝ፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስም ገደብ አለው፤ 2008 የሚባለው እትም 4 ጊጋባይት፣ 2008 አር2 የሚባለው 10 ጊጋባይት። ሲስተሙን የሠራላችሁን ሰው «ዳታቤዙ ስንት ጊጋ ደርሷል?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ብዙ ነገር ያሳያል።

ሌላው አቧራ ነው። የአዳማን ንፋስ የማያውቅ የለም፤ አዳማ 2 የተባለው የንፋስ ኃይል ማመንጫ ብቻ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ያ ንፋስ አቧራውን ይዞ ሱቅ ውስጥ ይገባል። የኮምፒውተሩን ጎን ስትከፍቱ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ ባለው ማቀዝቀዣ ክንፎች መሀል ግራጫ ብናኝ እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ታገኛላችሁ። አየር መውጫ ሲያጣ ፕሮሰሰሩ ይግላል፤ እንዳይቃጠል ሲል ደግሞ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ጠዋት ደህና የነበረ ማሽን ሙቀቱ ሲበረታ የሚደክመው አንዳንዴ በዚህ ነው። አጥፍቶ፣ ከሶኬት ነቅሎ፣ በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት ነው። ምንም ወጪ የለውም።

«ደጋግመሽ ብትጫኚው ይፈጥናል»

አይፈጥንም። የተጫናችኋቸው ቁልፎች ተራ ይዘው ይጠብቃሉ። ማሽኑ ሲነቃ ሁሉንም በተከታታይ ይፈጽማቸዋል። አንድ ሊትር ዘይት ሦስት ሆኖ ይመዘገባል። ደንበኛው ካላስተዋለ ያለ ዕዳው ይከፍላል፤ ካስተዋለ ይቆጣል። ማታ ደግሞ ስቶኩ ከመደርደሪያው ጋር አይገጥምም። አንዴ ተጭኖ እጅን ማንሳት ነው። ከኋላ ቆመው «ፈጠን በይ እንጂ» የሚሉ አለቆችም ይሄን ቢያውቁልን ደስ ይለኛል።

«ቀኑ ከተሳሳተ ቫይረስ ገብቶበታል»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ልጆች በዚህ ተጠርጥረዋል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ የድሮ ቀን ይዞ ይነሳል። ካሸሯ ሳታየው መሸጥ ትጀምራለች። ሽያጩ በሙሉ ከዓመታት በፊት እንደተደረገ ሆኖ ይመዘገባል። ማታ የዕለቱ ሪፖርት ሲወጣ የዛሬው ሽያጭ የለም። ብሩ ካዝና ውስጥ አለ፤ ዕቃው ከመደርደሪያ ወጥቷል፤ ወረቀቱ ላይ ግን ምንም አይታይም። ከዚያ በኋላ ያለውን ጭቅጭቅ የቀመሰ ያውቀዋል።

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ማዘርቦርዱ ላይ ያለች ክብ ባትሪ ናት። ሲአር 2032 ትባላለች፤ 3 ቮልት፣ ስፋቷ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቷ 3.2። ኮምፒውተሩ ኃይል በሌለው ጊዜ ሰዓቱን የምታስቆጥረው እሷ ናት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታልቃለች። መብራት እስካለ ድረስ ማለቋ አይታወቅም።

የሰዓት ባትሪ የሚሸጡ ሰዎች ዘንድ ጠይቁ። ከለወጣችሁ በኋላ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ ገብታችሁ ቀኑን አስተካክሉ። እስክትለወጥ ግን የመጀመሪያውን ዕቃ ከመምታታችሁ በፊት የስክሪኑን ቀን እዩ፤ መብራት በተመለሰ ቁጥርም እንደዚያው። በተሳሳተ ቀን የገባ ሽያጭ ካገኛችሁ አትሰርዙት። በስልክ ፎቶ አንሱትና ለሒሳብ ሠራተኛው አሳዩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ይሄ የምለው ስለ ኮምፒውተሩ ነው። ታክስ የሚመዘግበው የካሽ ሬጅስተር ማሽን የታሸገ ነው። እሱን መክፈት የሚችለው የተፈቀደለት የአገልግሎት ማዕከል ባለሙያ ብቻ ነው።

«ዋጋው ባርኮዱ ውስጥ አለ»

የለም። በፋብሪካ የታተመው ባርኮድ የሚይዘው የዕቃውን መለያ ቁጥር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 13 አሃዝ። ዋጋውን የሚያመጣው ሲስተሙ ነው። ሱቁ ውስጥ ሚዛን ላይ ተመዝኖ የሚለጠፈው ብቻ ለየት ሊል ይችላል። እና መደርደሪያው ላይ 180 ተብሎ ስክሪኑ 210 ካለ፣ ያልተስተካከለው ሲስተሙ ውስጥ የገባው ዋጋ ነው። ልጅቷ ከኪሷ አልጨመረችም።

«ጉድለት ከመጣ ከደመወዝ ይቆረጣል፣ አለቀ»

አላለቀም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ ከደመወዝ መቁረጥ የሚችለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲወሰን፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ከሲሶው በላይ መቁረጥ አይቻልም። ይሄን የማያውቅ ሠራተኛ ብዙ ነው።

ከዚያ በፊት ደግሞ ጉድለቱ እውነት ጉድለት መሆኑ ይጣራ። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በ2013 ዓ.ም ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ሶፍትዌር፣ ካልታደሰ በቀር፣ በስልክ የተከፈለውን የሚመዘግብበት ቦታ ላይኖረው ይችላል። እንዲህ ያለው ሁሉንም ጥሬ ገንዘብ ብሎ ይደምረዋል። ማታ ሪፖርቱ ካዝና ውስጥ ካለው ብር ይበልጣል፤ ልዩነቱ ግን የባለሱቁ ስልክ ወይም አካውንት ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ አንድ ደብተር ያዙ። በስልክ የተከፈለውን ከደረሰኝ ቁጥሩ ጋር ጻፉ። ማሽኑ በቆመ ቁጥርም ሰዓቱን፣ የደረሰኝ ቁጥሩንና ስክሪኑ ላይ የወጣውን ጽሑፍ እንዳለ ጻፉ። ክርክር ሲመጣ «ሲስተም እምቢ ብሎኝ ነው» ከሚል ቃል ይልቅ ያ ገጽ ያድናችኋል።

«አማርኛው ተበላሽቷል፣ ፋይሉ አለቀለት»

የዕቃ ዝርዝሩን ወደ ሌላ ኮምፒውተር ወስዳችሁ ስትከፍቱት «ስኳር» የነበረው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል። ፋይሉ ደህና ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት ቁጥር ሥርዓት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ የአማርኛ ፎንቶች በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የአማርኛ ቅርጽ እያስቀመጡ ነበር የሚሠሩት። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ከሥር ያለውን ላቲን ያሳያል። እዚሁ አዳማ በቁቤ የተጻፉት የአፋን ኦሮሞ ስሞች እዚያው ዝርዝር ውስጥ ምንም ሳይሆኑ የሚታዩትም ላቲን ስለሆኑ ነው። ፎንቱን ከአሮጌው ኮምፒውተር ወስዳችሁ ጫኑት። ዝርዝሩን እንደ አዲስ ለመተየብ አትቸኩሉ፤ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ።

«ኢንተርኔት ስለሌለው ቫይረስ አይነካውም»

ፍላሽስ? ሪፖርት የሚወጣው በፍላሽ፣ ዘፈን የሚገባው በፍላሽ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒ ድጋፉን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2014፣ ለዊንዶውስ 7 በ2020፣ ለዊንዶውስ 10 ደግሞ በኦክቶበር 2025 ነው። መሥራታቸውን አላቆሙም፤ አዲስ የሚገኝ ቀዳዳ ግን በመደበኛነት አይደፈንላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከአንድ ማሽን ወደ ሌላው በኔትወርክ እየዘለለ ፋይል ሲቆልፍ ያገኛቸው ያልታደሱ ማሽኖችን ነበር። በየማታው ባክአፕ (የዳታውን ቅጂ) ወስዳችሁ ከኮምፒውተሩ ነቅላችሁ አስቀምጡ። የታክስ ማሽኑ ሁሉንም ይዟል ብላችሁም አትተማመኑ፤ እሱ የሚይዘው ሽያጭና ታክስ ነው። የዱቤ ዝርዝሩን፣ የአቅራቢዎችን ሒሳብና ስቶኩን አያውቅም።

«አዲስ ኮምፒውተር ይገዛና ይገላገሉታል»

ባለሱቆች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። መግዛቱ ጥሩ ነው። ግን አስቀድማችሁ እዩ። የድሮው ደረሰኝ አታሚ የሚሰካው በሲሪያል ፖርት ከሆነ አዲሱ ማሽን ላይ ያ ቀዳዳ ላይኖር ይችላል። በዶስ ዘመን የተጻፈ ባለ 16 ቢት ፕሮግራም በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ በቀጥታ አይሠራም። ሒሳቡ የተያዘው ፒችትሪ በሚባለው የድሮ የሒሳብ ሶፍትዌር ከሆነ ዳታው አብሮ መሻገር አለበት። ከኮምፒውተሩ ጋር የተያያዘ የታክስ ማተሚያ ካለም የአገልግሎት ማዕከሉ አስቀድሞ ይወቀው።

ጊዜውንም ምረጡ። በበዓል ዋዜማ ሲስተም የሚቀይር ሱቅ ሠራተኞቹን ያሰቃያል። የበጀት ዓመታችሁ ሰኔ 30 የሚዘጋ ከሆነ ለቆጠራ ዕቃው አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ የተቆጠረውን የአዲሱ ሲስተም መነሻ አድርጉት። ሐምሌን ሁለቱንም ጎን ለጎን አስኪዱና ማታ ማታ ድምራቸውን አስተያዩ። ለዚያ ወር ደግሞ ካሸሯ አጠገብ አንድ ሰው ጨምሩላት።