የሰውነት በሽታ መከላከያ፦ ራስን ከባዕድ የመለየት ሥራ

የበሽታ መከላከል ሥርዓት ሰውነታችን ባክቴሪያን፣ ቫይረስን፣ ፈንገስንና ጥገኛ ትላትልን የሚቋቋምባቸው የአካል ክፍሎች፣ ሴሎችና ንጥረ ነገሮች የጋራ መጠሪያ ነው። እንደ ልብ ወይም እንደ ኩላሊት አንድ ቦታ ተቀምጦ አይገኝም። በቆዳ፣ በአጥንት መቅኒ፣ በጣፊያ፣ በቶንሲል፣ በአንጀት ግድግዳ፣ በእንባና በምራቅ ውስጥ ተሰራጭቶ ይኖራል። መኖሩን የምናስተውለው ብዙ ጊዜ ሥራ ሲበዛበት ነው፦ ጉሮሮ ሲያብጥ፣ ትኩሳት ሲነሣ፣ እግር ቆስሎ ብሽሽት ላይ ንፍፊት ሲወጣ። እነዚህን ሁሉ ሕመም እንላቸዋለን፤ አብዛኞቹን የሚያደርጋቸው ግን ሰውነት ራሱ ነው። ስለዚህ ሥርዓቱን ለመረዳት ሁለት ጥያቄዎችን መያዝ ይጠቅማል። ጀርሙን ከገዛ ሥጋው እንዴት ይለየዋል? ከጀመረስ በኋላ መቼ ማቆም እንዳለበት በምን ያውቃል?

አብዛኛው ጀርም እነዚህ ጥያቄዎች ሳይነሡ በር ላይ ይቀራል። የአዋቂ ሰው ቆዳ ቢዘረጋ ወደ 2 ካሬ ሜትር ይሆናል። ላዩ የሞቱ ሴሎች ድርድር ስለሆነ ቫይረስ የሚራባበት ሕያው ሴል አያገኝም፤ ወዙና ላቡም ለብዙ ባክቴሪያ አይመቹም። ክፉኛ የተቃጠለ ሰው ከእሳቱ ተርፎ በኢንፌክሽን የሚሞተው ይህ አጥር ስለፈረሰ ነው። በአየር ቧንቧ ውስጥ ደግሞ ንፍጥ አቧራውንና ጀርሙን ይይዛል፤ እንደ ሽፋሽፍት ያሉ ጥቃቅን ጸጉሮች ያለማቋረጥ ወደ ላይ ይገፉታል፤ እኛም ሳናውቀው እንውጠዋለን፤ የጨጓራ አሲድ ይጨርሰዋል። የትንባሆም ሆነ የማገዶ ጭስ እነዚህን ጸጉሮች ያዳክማል። ጭስ በታፈነበት ማድ ቤት እናታቸው ጀርባ ላይ የሚውሉ ሕፃናት በሳንባ ምች ቶሎ የሚያዙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በእንባ፣ በምራቅና በንፍጥ ውስጥ የባክቴሪያን ግድግዳ የሚሰብር ላይሶዛይም የተባለ ኢንዛይም አለ። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በፔኒሲሊን ከመታወቁ በፊት፣ በ1922 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይህን ኢንዛይም ይፋ አድርጎ ነበር፤ ያገኘውም ጉንፋን በያዘው ሰው ንፍጥ ውስጥ ነው።

እሾህ ሲወጋን አጥሩ ይጣሳል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ ያየው ሰውም ያየው በእሾህ ነበር። ኢሊያ ሜችኒኮፍ የተባለው የእንስሳት ተመራማሪ በ1882 በጣሊያኗ መሲና ከተማ ሳለ፣ ውስጡ በውጭ የሚታየውን የኮከብ ዓሣ እጭ በእሾህ ወግቶ አሳደረው። ጠዋት በማይክሮስኮፕ ሲመለከት ተንቀሳቃሽ ሴሎች እሾሁን ከበውት አገኘ። እነዚህ ባዕድ ነገርን ውጠው የሚፈጩ ሴሎች ፋጎሳይት ተባሉ፤ ሜችኒኮፍም በ1908 ከፓውል ኤርሊክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። በሰው ደም ውስጥ ከነጭ የደም ሴሎች ብዙውን ቁጥር የሚይዘው ኒውትሮፊል የዚህ ወገን ነው። መቅኒያችን በቀን 100 ቢሊዮን ያህል ኒውትሮፊል ያመርታል፤ አብዛኞቹም ከጥቂት ቀናት በላይ አይቆዩም። ቁስል ላይ የምናየው መግል በብዛት የእነዚሁ ሬሳ ነው።

ሴሎቹ ባዕዱን የሚያውቁት በጠባይ ምልክቶቹ ነው። የባክቴሪያ ግድግዳ የተሠራባቸው አንዳንድ ሞለኪውሎች በሰው አካል ውስጥ በፍጹም አይገኙም፤ ሴሎቻችን ደግሞ እነዚያን ብቻ የሚዳስሱ ተቀባዮች አሏቸው። ይህን ዩል ሆፍማን በ1996 በፍራፍሬ ዝንብ፣ ብሩስ ቦይትለር በ1998 በአይጥ ላይ አሳይተው በ2011 ተሸልመውበታል። ተቀባዩ ምልክቱን ሲነካ ሴሉ ኬሚካል ይረጫል፤ በአካባቢው ያሉ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ፈሳሽና ነጭ የደም ሴል ወደ ቁስሉ ይሰርጋል። ስለዚህ ቦታው ይቀላል፣ ይግላል፣ ያብጣል፣ ያማል። ከኬሚካሎቹ ጥቂቶቹ አንጎል ደርሰው የሰውነትን የሙቀት ልክ ከፍ ያደርጋሉ፤ ትኩሳት ማለት ይኸው ነው። መጠነኛ ትኩሳት ብዙ ጀርሞችን ያዘገያል፣ የመከላከያ ሴሎችንም ያፋጥናል። አዋቂ ሰው ቴርሞሜትር 38 ባሳየ ቁጥር ደንግጦ ኪኒን መዋጥ ያለበት አይመስለኝም። ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን ካተኮሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

ይህ ፈጣን ምላሽ በተፈጥሮ የምንወለድበት ነው፤ ትናንት ያየውን ጀርም ከዛሬው እምብዛም አይለይም። የሚለየው ሁለተኛው ክንድ ሥራውን የሚጀምረው በንፍፊት፣ ማለትም የመከላከያ ሴሎች በሚከማቹበት ትንሽ እጢ ውስጥ ነው። ዴንድራይቲክ የተባሉ ሴሎች ከቁስሉ የጀርሙን ቁራጭ ይዘው በሊምፍ ቧንቧ ወደ ቅርቡ ንፍፊት ይጓዛሉ፤ እዚያ ለተከማቹት፣ ቢ እና ቲ ሴል ለሚባሉት ነጭ የደም ሴሎችም ያሳያሉ። እያንዳንዱ ቢ ወይም ቲ ሴል አንድ ዓይነት ተቀባይ ብቻ አለው፤ የአንዱ ከሌላው ይለያል። ሃያ ሺህ ያህል ጂን ብቻ ያለው የሰውነት መመሪያ ይህን ሁሉ ሚሊዮን ዓይነት ከየት አመጣው የሚለው ጥያቄ ሳይንቲስቶችን ለብዙ ዓመታት አስጨንቋል። ሱሱሙ ቶኔጋዋ በ1976 መልሱን አሳየ፦ ቢ ሴል ሲፈጠር የጂኑ ቁርጥራጮች እንደ ካርታ ይበወዛሉ፤ በየሴሉ የተለያየ እጅ ይወጣል። በእኔ ግምት በሥነ ሕይወት ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ አስገራሚ ነገር ጥቂት ነው። ሰውነት ጀርሙን አይቶ መሣሪያ አይቀርጽለትም። ገና ያልተፈጠረ ቫይረስን እንኳ ሊይዝ የሚችል ሴል አስቀድሞ በዕጣ ይዞ ይጠብቃል፤ የገጠመለት ሴል ብቻ ተመርጦ በሺዎች ይባዛል። ንፍፊቱ የሚያብጠውም ለዚህ ነው።

በዕጣ የወጣ ተቀባይ ግን የራስን ሥጋም ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ቲ ሴሎች ከልብ በላይ ባለችው ታይመስ በተባለች እጢ ይፈተናሉ። እስከ 1961 ድረስ ጥቅም የሌላት ትመስል ነበር፤ ጃክ ሚለር ከአይጥ ግልገሎች ላይ አውጥቶ ሲያይ ግን ግልገሎቹ ኢንፌክሽን የማይቋቋሙ ሆኑ። ወደ ታይመስ ከሚገቡት ሴሎች ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት ፈተናውን ሳያልፉ እዚያው ይሞታሉ። ከሚያልፉት አንዳንዶቹ በቫይረስ የተያዘ ሴልን ይገድላሉ፤ ረዳት የሚባሉት ሌሎቹን ያዛሉ፤ ተቆጣጣሪ የሚባሉት ደግሞ ምላሹን ያረግባሉ። እነዚህን የመጨረሻዎቹን ያስታወቁት ሺሞን ሳካጉቺ፣ ሜሪ ብራንኮውና ፍሬድ ራምስዴል በ2025 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ቢ ሴሎች በበኩላቸው ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም አንቲቦዲ ያመነጫሉ። አንቲቦዲ ጀርሙን ይለጠፍበታል፤ ወደ ሴል እንዳይገባ ያግደዋል፤ ለፋጎሳይትም ምልክት ይሆናል። ይህ ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሆን አንድና ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ሁለተኛ ጊዜ ግን በቀናት ያልቃል፤ ምክንያቱም ከተባዙት ሴሎች ጥቂቶቹ ለዓመታት ይኖራሉ።

ይህ ትውስታ ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው የፋሮ ደሴቶች ታሪክ ያሳያል። በሰሜን አትላንቲክ ያሉት እነዚህ ደሴቶች በ1781 ኩፍኝ ገብቶባቸው ወጣ፤ ከዚያ 65 ዓመት አልተመለሰም። በ1846 ሲመለስ ከ7,800 ያህል ነዋሪ 6,000 የሚሆነው ታመመ። ጉዳዩን እንዲያጣራ የተላከው ወጣቱ የዴንማርክ ሐኪም ፔተር ፓኑም ሽማግሌዎቹን እየጠየቀ መዘገበ፤ በልጅነታቸው በ1781 ከታመሙት መካከል ዳግም የተያዘ አንድም ሰው አላገኘም። ኩፍኝ ራሱ ግን የዚህ ትውስታ ጠላት ነው። ቫይረሱ የትውስታ ሴሎችን ስለሚያጠቃ፣ በ2019 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ያልተከተቡ ልጆች ከኩፍኝ በኋላ ለሌሎች በሽታዎች ከነበራቸው አንቲቦዲ ከ11 እስከ 73 በመቶ አጥተዋል። «ኩፍኝ ሁሉም ልጅ የሚያልፍበት ነው» የሚል ወላጅ ይህን ቁጥር ቢያውቀው እመኛለሁ።

ክትባት ይህን ትውስታ ያለ ሕመሙ ማስያዝ ነው። ቃሉ ከ«ከተበ» የወጣ ሲሆን የአንገት ክታብም ከዚሁ ሥር ይመጣል፤ በግዕዝ መጻፍ ማለት ነው። ዘመናዊ ክትባት ከመድረሱ በፊት በአገራችን ከፈንጣጣ በሽተኛ ቁስል የተወሰደ ፈሳሽ በጤነኛ ሰው የተጫረ ክንድ ላይ የማድረግ ልማድ እንደነበር የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች ጽፈዋል። አደጋ ነበረው፤ ሰውም ይሞትበት ነበር። ኤድዋርድ ጄነር በ1796 ከላም ፈንጣጣ የወሰደው ፈሳሽ ያንን አደጋ በብዙ ቀነሰ። ኢትዮጵያ የመጨረሻውን የፈንጣጣ ሕመምተኛ ያየችው በ1976 ሲሆን፣ በ1980 በሽታው ከምድር መጥፋቱ ታወጀ። ትውስታ ባይኖርም አንቲቦዲን በውሰት መያዝ ይቻላል። ነፍሰ ጡር እናት የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ስትወስድ አንቲቦዲዋ በእንግዴ ልጅ በኩል ያልፍና የሚወለደውን ልጅ በመጀመሪያ ሳምንታቱ ይጠብቀዋል። እንገሯም ቢጫ ነው ተብሎ ታልቦ መደፋት የለበትም፤ የሕፃኑን አንጀት ከውስጥ የሚሸፍን አንቲቦዲ ያለው በእሱ ነው።

የመከላከያው ዓይነት የበሽታውን መልክ እንዴት እንደሚወስን ለማየት የሥጋ ደዌን ያህል የሚያስተምር በሽታ አላውቅም። በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ፣ ከአለርት ሆስፒታል አጠገብ የሚገኘው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በ1970 ሲመሠረት ዋና ሥራው ይኸው ነበር። ባክቴሪያውን ጌርሃርድ አርማወር ሐንሰን በኖርዌይ ያገኘው በ1873 ነው። እጅግ ቀርፋፋ ነው፤ አንድ ጊዜ ለመከፈል ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ከሰዎች 95 በመቶ የሚበልጡት በተፈጥሯቸው ይቋቋሙታል። ከሚታመሙት መካከል ቲ ሴሎቻቸው በርትተው የሚነሡ ሰዎች ጥቂት የደነዘዘ ነጣ ያለ ምልክት ቆዳቸው ላይ ያወጣሉ፤ ባክቴሪያው ተፈልጎ እንኳ አይገኝም፤ ነገር ግን ነርቫቸው በራሳቸው መከላከያ ቁጣ ይጎዳል። በሌላው ጫፍ ያሉት አንቲቦዲ ሞልቶላቸዋል፤ ሆኖም ባክቴሪያው ሴል ውስጥ ስለሚደበቅ አንቲቦዲው አይደርስበትም፤ ቲ ሴሎቻቸው ዝም ስለሚሉ ጀርሙ በብዛት ይራባል፣ ፊትና ጆሮ ያብጣል። ጀርሙ አንድ፣ በሽታው ሁለት። በሕክምና ላይ ሳሉ መከላከያቸው በድንገት የሚነሣባቸውም አሉ፤ ለእነሱ ከፀረ ባክቴሪያው ጎን ምላሹን የሚያበርድ ፕሬድኒሶሎን ይሰጣቸዋል፤ ካልሆነ በቀናት ውስጥ እጅ ወይም ዓይን ሊጎዳ ይችላል። «በዘር የሚወርድ እርግማን» ሲባል የኖረው በሽታ በእውነቱ በአንድ ጀርምና በየሰዉ መከላከያ መካከል ያለ የግንኙነት ታሪክ ነው። ለስንት ሰው ከቤቱ መባረር ምክንያት እንደሆነ ሳስብ ይህ እውቀት በየመንደሩ አለመድረሱ ያሳዝነኛል።

ሥርዓቱ ራስን ከባዕድ መለየት ሲሳነው የሚከተለውን በአገራችን ሐኪሞች በየቀኑ ያዩታል። ስትሬፕቶኮከስ በተባለ ባክቴሪያ ቶንሲሉ የታመመ ልጅ የሚያመርተው አንቲቦዲ፣ የባክቴሪያው ክፍል ከልብ ሥጋ ጋር ስለሚመሳሰል፣ የልብ በሮችን ሊያጠቃ ይችላል። የጉሮሮ ሕመሙን በጊዜው በፔኒሲሊን ማከም ይህን ይከላከላል፤ ቶንሲል ማስቧጠጥና እንጥል ማስቆረጥ ግን አይከላከሉም፤ ይልቁንም ደም መፍሰስና ሌላ ኢንፌክሽን ያስከትላሉ። በአለርጂና በአስም ደግሞ ትላትልን ለመዋጋት የተዘጋጀው ክፍል በአቧራና በአበባ ብናኝ ላይ ይነሣል። ትላትሉ ራሱ ሲበዛም ሥርዓቱን ያናጋዋል። በ1990ዎቹ ወደ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያንን ያጠኑ ተመራማሪዎች መከላከያቸው ያለ ዕረፍት ተቀስቅሶ አገኙት፤ የአንጀት ትላትላቸው ሲታከም ረገበ።

ኤችአይቪ የሚያጠቃው ረዳት ቲ ሴሎችን፣ ሲዲ4 የሚባሉትን ነው። በጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ500 እስከ 1,500 ይገኛሉ፤ ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ከአውሮፓውያን ያነሰ ቁጥር እንዳላቸው በዚያው በ1990ዎቹ ተጠንቷል። ከ200 ሲወርዱ ሌላው ክንድ ሁሉ አዛዥ ያጣል፤ በሳንባ ውስጥ ታጥሮ ለዓመታት የተኛ የቲቢ ባክቴሪያም ይነሣል። ከኤችአይቪ ውጭ በዓለም ላይ መከላከያን በብዛት የሚያዳክመው የምግብ እጥረት ነው። ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ለምግብ ደግ ናቸው፤ በክትባትና በሕክምና ቦታ ግን አይተኩም። ለልጆች ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ዕድሜያቸው በየስድስት ወሩ የሚሰጠው የቫይታሚን ኤ ጠብታ ግን ጥቅሙ የተረጋገጠ ነው።

አንዳንድ ጀርም ደግሞ ከቶ አይወጣም። የጉድፍ ቫይረስ ልጁ ከዳነ በኋላ በነርቮቹ ሥር ተደብቆ ይኖራል፤ ቲ ሴሎች ለአሥርት ዓመታት ይጠብቁታል። በእርጅና ወይም በሕመም ሲደክሙ በአንድ ጎን ብቻ፣ በነርቩ መስመር እንደ ቀበቶ ውሃ የቋጠረ ቁስል ሆኖ ይወጣል፤ እኛ አልማዝ ባለጭራ የምንለው ይህ ነው። በሽማግሌ ላይ ሲወጣ ዕድሜ ነው ይባላል። ወጣት ላይ ሲወጣ ግን ሐኪሙ የኤችአይቪ ምርመራ የሚጠይቀው ጠባቂዎቹ ለምን ያለ ጊዜያቸው እንደ ደከሙ ለማወቅ ነው።